ቆርቆሮ አጥር ሥር ፊክስ ያለ ነጥብ ይታመናል ወይ? (ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለምትለኩ ሁሉ)

ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። እኛ ቀያሾች የአርቲኬው (በሳተላይት ሞገድ ነጥብን በሴንቲሜትር ደረጃ የሚለካው መሣሪያ) ስክሪን ፊክስ፣ ማለትም ቦታው ተቆርጧል፣ ካለ ነጥቡን መዝግበን ወደ ቀጣዩ ማዕዘን እንሄዳለን። አጥሩ ቆርቆሮ ይሁን፣ ጎኑ ላይ የመስታወት ፎቅ ይቁም፣ ብዙም አንጠይቅም። እኔ ግን ይሄ መቆም አለበት ባይ ነኝ። ያ ነጥብ ነገ ካርታ ላይ ይወጣል። ካርታው ደግሞ ሁለት ጎረቤት ሲካሰስ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ነገሩን ያስነሳው ደብረ ብርሃን ውስጥ የለካሁት አንድ የይዞታ ማዕዘን ነው። ችካሉ ከቆርቆሮ አጥሩ አንድ እርምጃ አይርቅም። ከመንገዱ ማዶ ባለ ሰማያዊ መስታወት ሕንፃ አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የወሰድኩት ንባብና ከሰዓት በኋላ የወሰድኩት በአንድ ስንዝር ይለያያሉ። ሁለቱም ጊዜ ፊክስ ነበር። ዘንጉ በሁለት እግር ድጋፍ ቆሟል፤ የውሃ ልኳ አረፋም መሐል ላይ ናት። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ሚሊ በሚሊ፣ ወደ አንድ ወገን።

የኔ ግምት መልቲፓዝ ነው የሚል ነበር። የሳተላይቱ ሞገድ በቀጥታ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። መቀበያው ሁለቱን ደባልቆ ይሰማና ርቀቱን ያዛባል። ጥያቄዬም ይሄ ነበር፦ ውድ ዕቃ ሳንገዛ በምን እንቀንሰው?

ምላሾቹ ስለበዙና መሐል ላይ ወሬው ስለተበታተነ፣ አሁን ለሚገባ ሰው እንዲመች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አሰፍራቸዋለሁ። የሚሻለኝን ሐሳብም ጣል እያደረግኩ ነው የምሄደው።

ምላሽ 1 ከሸዋ ሮቢት የመጣ ነው። ጸሐፊው በትህትና ሰላምታ ሰጥቶ እሱም የገበያው የቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ተመሳሳይ ነገር እንደገጠመው ይናገራል። እሱ ያደረገው ንባቡን ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ነው። መፍትሔ ይሁን አይሁን ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ምላሽ 2 በጣም በራስ መተማመን የተጻፈ ነው። ቤዝ (ቦታው በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ እርማት የሚልክ ሁለተኛ መቀበያ) ካለህ የምትጨነቅበት ምክንያት የለም፣ ቤዙ ሁሉንም ስህተት ያርማል፣ ቤዙ ራሱ ቢሮ ጣሪያ ላይ ነው፣ ነገሩ ሁሉ ሰላም ነው ይላል።

ምላሽ 3 የአንድ አንጋፋ ቀያሽ ነው። ጋሼ ብለን የምንጠራቸው፣ በቴዎዶላይት (የድሮው አንግል መለኪያ) ዘመን የጀመሩ ሰው ናቸው። ምላሽ 2ን ሳያሳፍሩ አረሙት። ቤዝ የሚያርመው ቤዙና ሮቨሩ (በዘንግ ይዘነው የምንዞረው መቀበያ) የሚጋሩትን ስህተት ነው። የሳተላይቱን ሰዓት፣ ምሕዋሩን፣ በመካከል ያለውን አየር። ነጥሮ የሚመጣ ሞገድ ግን የጋራ አይደለም። ያንተ ቆርቆሮ ያንተ ነው፤ የቤዙ ቆርቆሮ የቤዙ። እንዲያውም ቤዙ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከተተከለ የሱን ስህተት በሬዲዮ ለሮቨሮቹ ሁሉ ያድላል። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ቡድኑ በሙሉ ይሳሳታል ማለት ነው። ክሩ ውስጥ ሌላ ምንም ባታነቡ ይህቺን አንብቡ እላለሁ።

ምላሽ 4 ምላሽ 2ን የጻፈው ልጅ ነው። አልተከራከረም። ታዲያ ቤዙን የት ላድርገው ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 5 ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። ልዩነቱ የመጣው አዲንዳንና ደብሊውጂኤስ 84 የሚባሉትን ሁለት ዳተሞች (የካርታ ልኬት መነሻዎች) ስለቀላቀልክ ነው ይላል። ምላሽ 6 ይህን በቁጣ መለሰ። ዳተም ቢቀላቀል ኖሮ ልዩነቱ በመቶ ሜትሮች ይሆን ነበር እንጂ በስንዝር አይሆንም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ዘንግ ባይዝ ይሻላል የሚል ዓይነት ነው። ፍሬ ነገሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ሰው ዳግመኛ እንዳይጠይቅ ያደርጋል። የማይጠይቅ ቀያሽ ደግሞ ለሁላችንም አደጋ ነው።

ምላሽ 7 ላይ ጋሼ ተመለሱና የምላሽ 4ን ጥያቄ መለሱ። ቤዙን ከጣሪያ አውርዱት። ጉብታ ካለ ጉብታ፣ ከሌለ ሰፊ ሜዳ ላይ በሦስት እግር ትከሉት። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ ሞልቷል፣ ሰበብ የለም ይላሉ። መኪናውንም አጠገቡ አታቁሙ። ይህን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ብርድ ስለሆነ ቤዙን ጥበቃ ብለን ላንድክሩዘሩን ሥሩ አስጠግተን ጋቢና ውስጥ እንቀመጣለን። የመኪናው ጎንና ጣሪያ ግን ከቆርቆሮ አጥር በምን ይለያል?

ምላሽ 8 ለኔ የክሩ ቁም ነገር ነው። የጻፈው ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው። ግምቴን በግማሽ ተቀብሎ በግማሽ ጣለው። እንዲህ ነው ነገሩ። አርቲኬ ርቀት የሚለካው በሞገዱ ፌዝ፣ ማለትም ሞገዱ በአንድ ዙሩ ውስጥ በደረሰበት ቦታ፣ ነው። ኤል1 የሚባለው የጂፒኤስ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ነጥሮ የመጣው ሞገድ ከቀጥተኛው የደከመ እስከሆነ ድረስ በአንድ ሳተላይት ፌዝ ላይ የሚያደርሰው ስህተት ከሞገዱ ርዝመት ሩብ አያልፍም። ይህም 5 ሴንቲሜትር የማይሞላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያውም ከዚያ በጣም ያንሳል።

ታዲያ ስንዝሩ ከየት መጣ? ሁለት መንገድ አለ ይላል። አንደኛው፣ መልቲፓዙ መቀበያውን አሳስቶ የሞገዶቹን ሙሉ ቁጥር (ከሳተላይቱ እስከ መቀበያው ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ) በስህተት እንዲቆርጥ አድርጎታል። ፊክስ የሚለው ቃል ቁጥሩ ተቆርጧል ማለት እንጂ በትክክል ተቆርጧል ማለት አይደለም። በአንዱ ሳተላይት ላይ አንድ ሙሉ ሞገድ ከተሳተ 19 ሴንቲሜትሩ እዚያው ነው። ሁለተኛው፣ ቀጥተኛው ሞገድ በሕንፃው ተጋርዶ ነጥሮ የመጣው ብቻ ነው የደረሰው። ያኔ ሩብ የሚባለው ገደብ አይሠራም። ስህተቱ ሞገዱ ዞሮ የመጣበት ትርፍ መንገድ ያህል ነው።

ስለሚንሸራተተው ቁጥርም አስረዳ። የሚያነጥረው ነገር ቅርብ ከሆነ ስህተቱ በዝግታ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። አንድ ዙር ለመጨረስ በርካታ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ሩቅ ያለ ሕንፃ ግን ቶሎ ቶሎ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ ምላሽ 1 ያደረገው ማማከል ለሩቁ ሕንፃ ይጠቅማል፤ አንድ እርምጃ ላይ ላለ ቆርቆሮ ግን ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ ማማከል ያንኑ ስህተት ማማከል ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከሰዓት የወሰድኩትን ንባብ መዝገቡ ውስጥ ገብቼ ሳየው አንድ ዝቅ ብሎ የነበረ ሳተላይት በሕንፃው በኩል ነበር። የሲግናል ጥንካሬውም ከሌሎቹ በጉልህ ያነሰ ነው። እሱን አውጥቼ ደግሜ ሳሰላው ልዩነቱ ከስንዝር ወደ ሁለት ጣት ወረደ።

ምላሽ 9 የባጃጅ ሹፌር ነው። ቀያሽ አይደለም፣ ግን ጥያቄው ጥሩ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ፎቆቹ መሐል ሲገባ በሌላ መንገድ ላይ ያለ አድርጎ ያሳየዋል። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥም እንደሚጠፋበት ጨመረ።

ምላሽ 10 በቅን ልቦና መለሰለት። የዋሻው ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ሲግናል የለም። ፎቆቹ መሐል ያለው ግን የኛው በሽታ ነው፤ ስልክ ላይ ብቻ ይብሳል። የጂፒኤስ ሞገድ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው የሚመጣው። ብረት ላይ ሲነጥር ወደ ግራ ይገለበጣል። የቀያሽ አንቴና ቀኙን ተቀብሎ ግራውን እንዲገፋ ተደርጎ ይሠራል። የስልክ አንቴና ግን ቀኝና ግራ አይለይም፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። በዚያ ላይ ስልክ በዋናነት የሚጠቀመው ኮዱን (ሞገዱ ላይ ተጭኖ የሚመጣውን የምልክት ሰንሰለት) ነው፤ የኮድ ስህተት ደግሞ አስር ሜትሮችን ሊሻገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሺያኦሚ ሚ 8 የተጀመረው ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ስልክ ነገሩን አሻሽሎታል። ኤል1 ላይ አንዱ የኮድ ቁራጭ 293 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲ ኤል5 ላይ 29 ሜትር ብቻ። ቁራጩ ሲያጥር ዘግይቶ የመጣውን ከቀጥተኛው መለየት ይቀላል። አጠገብህ ላለ ግድግዳ ግን ይሄም ብዙ አይረዳም።

ምላሽ 11 አጭር እርማት ነው። ሁለት ጊዜ የነጠረ ሞገድ፣ ለምሳሌ ከጣሪያ ወደ መስታወት ከዚያ ወደ አንቴና የመጣ፣ ተመልሶ ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ አንቴናዬ ውድ ነው ብሎ መዝናናት አይገባም። ልክ ነው። በአድማስ አቅራቢያ ካለ ሳተላይት መጥቶ መሬት ላይ በጣም ጋደል ብሎ የነጠረም በደንብ አይገለበጥም።

ከምላሽ 12 እስከ 14 ያለው የየትኛው አገር ዕቃ ይሻላል የሚል ጭቅጭቅ ነው። አንዱ ርካሽ የገዛ አይጩህ አለ። ሌላው ውድ ዕቃ ይዘው የሚሳሳቱትን ቆጠረለት። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው አንድ ጠቃሚ ነገር ቾክ ሪንግ የሚባለው አንቴና መነሳቱ ነው። በአንቴናው ዙሪያ የተደረደሩ የብረት ቀለበቶች አሉት፤ ከታች የሚመጣውን ሞገድ ያፍናሉ። ለቋሚ ጣቢያ ግሩም ነው። ዘንግ ላይ ተሸክሞ ችካል ለችካል ለሚዞር ሰው ግን ይከብዳል። ከጎን ካለ ረጅም ግድግዳ የሚመጣውንም ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ምላሽ 15 ከመሐል ሜዳ ነው። ወጣት ቀያሽ ነው፤ በአክብሮት ይጽፋል። አንድ ቆርቆሮ መጋዘን ጥግ ያለ ነጥብ አጠራጥሮት ለማረጋገጥ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ለካው። ሁለቱ ንባቦች በሚገርም ሁኔታ ገጠሙ። ስለዚህ ነጥቡ ትክክል ነው ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 16ን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይህ ወጥመድ ብዙ ሰው ስለሚጥል ዘለግ አድርጌ ነው የመለስኩለት። የጂፒኤስ ሳተላይት ምድርን የሚዞረው በ11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት ዙሩ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በማግስቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ሰማይ ላይ እዚያው ቦታ ይገኛል። ሳተላይቱ እዚያው፣ ቆርቆሮው እዚያው፣ አንቴናው እዚያው። ታዲያ ስህተቱ ለምን ይለወጣል? በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሚገጥም ንባብ ትክክለኛነትን ሳይሆን የስህተቱን ድግግሞሽ ሊያሳይ ይችላል። ለማረጋገጥ ከተፈለገ ሰዓት መለወጥ ነው። ጠዋት የለካኸውን ከሰዓት ድገመው። ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ከመድገምህ በፊትም መቀበያው ሳተላይቶቹን ለቆ እንደ አዲስ ፊክስ እንዲያደርግ አስገድደው፤ አለዚያ የተሳሳተውን ቁጥር ይዞት ይቆያል።

ምላሽ 17 አሟላልኝ፤ ምስጋና ይገባዋል። ይሄ ድግግሞሽ በዋናነት የጂፒኤስ ነው። የሩሲያው ግሎናስ ሳተላይቶች ወደዚያው ቦታ የሚመለሱት በ8 ቀን፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ ደግሞ በ10 ቀን ገደማ ነው። ሁሉንም አብሮ የሚቀበል ዕቃ ላይ የማግስቱ ንባብ ሙሉ ለሙሉ ቅጂ አይሆንም። ግን ጂፒኤሱ ስለሚያመዝን ማስጠንቀቂያው እንዳለ ነው።

ምላሽ 18 በጀማ ሸለቆ፣ መርሐቤቴ መውረጃ ላይ መንገድ የሚለካ ሰው ነው። ትንሽ ተናዷል። እናንተ ከተማ ሆናችሁ ዝቅ ያለ ሳተላይት ቁረጡ ትላላችሁ፤ ማስኩን (ከዚህ በታች ያለ ሳተላይት አይቆጠር የሚባልበትን የከፍታ አንግል) ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ባደርገው እኔ ጋ የሚቀር ሳተላይት የለም፣ ገደሉ ራሱ ግማሹን ሰማይ በልቶታል ይላል። እውነቱን ነው። ማስክ ከፍ ማድረግ ሜዳ ላይ ይሠራል። ከአድማስ 10 ወይም 15 ዲግሪ በታች ያለውን መተው አብዛኛውን ነጥሮ የመጣ ሞገድ ይቀንሳል። ሸለቆ ውስጥ ግን የቀሩት ሳተላይቶች አናት ላይ ይሰበሰቡና ልኬቱ፣ በተለይ ከፍታው፣ ይላላል። እዚያ የሚሻለው የደከመ ሲግናል ያለውን ሳተላይት እየለዩ ማውጣትና ጎኑ ገደል ያልሆነበት ቦታ ላይ ኮንትሮል ነጥብ (ለሌላው ልኬት መነሻ የሚሆን ነጥብ) መትከል ነው። ከዚያ በቶታል ስቴሽን (አንግልና ርቀት በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) መውረድ።

ምላሽ 19 ማታ ማታ መቀበያውን አንድ ነጥብ ላይ ለሰዓታት እንዲለካ (ስታቲክ የሚባለው) ትቶ ስለሚያድር ሰው ነው። ሜዳ ላይ፣ ምንም ቆርቆሮ በሌለበት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሲግናሉ እየተቆራረጠ ያስቸግረዋል። ይሄ መልቲፓዝ አይደለም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው። ጸሐይ ከጠለቀች በኋላ እዚህ ያለው አየኖስፌር (ኤሌክትሪክ ያዘለው የላይኛው አየር) ይታመሳል፤ እስከ እኩለ ሌሊትም ሊዘልቅ ይችላል። የሁለቱ መድኃኒት ስለሚለያይ አንለዋውጣቸው። ለቆርቆሮ ቦታ ነው የሚለወጠው፤ ለአየኖስፌሩ ሰዓት።

ምላሽ 20 ከርዕሱ ወጣ ብሏል፤ ግን ደስ አለኝ። እኛ የምንሸሸውን የነጠረ ሞገድ ሌሎች ፈልገው ይለኩታል ይላል። ሞገዱ መሬት ላይ ሲነጥር የአፈሩን እርጥበት፣ በረዶ ባለበት አገር የበረዶውን ውፍረት ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጠቁት የሲግነስ ሳተላይቶች ከውቅያኖስ ላይ የነጠረ የጂፒኤስ ሞገድ እየሰበሰቡ የአውሎ ነፋስ ፍጥነት ይለካሉ። ከዚህ ተነስቶ ወሬው ወደ ገብስና ውርጭ ሄደ። ጥቂት ሰዎችም ስለ መንዝ ባና ዋጋ ተጨዋወቱ። እሱን እዘለዋለሁ።

ምላሽ 21 ክሩን መለሰው። የጻፉት አንዲት እናት ናቸው። ቀያሽ አይደሉም። ግቢያቸው ሊለካ ነው፤ አጥራቸው ቆርቆሮ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ቀድሞም ቅሬታ አለ። እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀያሹ ሲመጣ ምን ልበለው? ከምላሾቹ ሁሉ ዕቃውን ሳይሆን ሰውን ያሰበ ይህ ነው። ካርታው የሚጠቅመውም የሚጎዳውም እሳቸውን ነውና።

ምላሽ 22 ላይ ጋሼ መለሱላቸው፤ አብዛኛው ሰውም በሳቸው ሐሳብ ተስማማ። እንዲህ ይበሉት ይላሉ። ልጄ፣ ማዕዘኑ ላይ ዘንግህን አታቁም። ከአጥሩ ራቅ በል። ሰማዩ የሚታይበት ቦታ፣ መንገዱ ላይ ወይም ግቢው መሐል፣ ሁለት ነጥብ ያዝ። እነዚያን በአርቲኬ ለካ፣ ቆይተህም ድገማቸው። ከዚያ ማዕዘኑን ከነሱ ተነስተህ በቶታል ስቴሽን ውሰድ። ብርሃኑ በቀጥታ ፕሪዝሙ (ማዕዘኑ ላይ የሚቆመው መስታወት) ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቆርቆሮው ምንም አያደርገውም። ጎረቤትም ቆሞ ይይ።

ምላሽ 23 ቶታል ስቴሽን በየወረዳው የለም ብሎ አማረረ። ትክክል ነው። ግን ሜትር አለ። ሰማይ ከሚታይባቸው ሁለቱ ነጥቦች እስከ ማዕዘኑ ድረስ በሜትር ለክቶ ሁለቱን ርቀቶች ማገናኘት ማዕዘኑን ይሰጣል። ሁለቱ መስመሮች ማዕዘኑ ላይ ሲገናኙ ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ አንግል ቢሠሩ ይመረጣል፤ በጣም ከሾለ ትንሽ የሜትር ስህተት ብዙ ይገፋል። ከሦስተኛ ነጥብ አንድ ርቀት መጨመርም ስህተት ካለ ያጋልጣል። በማስታወሻውም ላይ ማዕዘኑ በቀጥታ አልተለካም፣ ከእነዚህ ነጥቦች በሜትር ተወሰደ ተብሎ ይጻፍ።

ምላሽ 24 ከአንኮበር በኩል ነው፤ እስካሁን የመጨረሻው ነው። እዚህ ሜዳ የለም፣ ግቢው ሁሉ ተዳፋት ነው፣ ሜትሩን እንዴት እንያዘው ይላል። መልሴን ከሥሩ ጽፌያለሁ። ሜትሩ አግድም ይያዝ፤ ዝቅ ያለው ጫፍ ላይ ቱንቢ ይንጠልጠል። ተዳፋቱ ከበረታ በአንድ ጊዜ ከመወጠር ደረጃ በደረጃ ቆርጦ መለካት ነው።